ፊደሎቹ ሳይጠረጉ

ውድ እትዬ፣

የዛሬን ብቻ እመኚኝ። ከፈለግሽ ነገ አትመኚኝ፣ ከነገ ወዲያም አትመኚኝ፣ የዛሬን ግን እመኚኝ። ጽሑፌን ስታዪው "ደግሞ ምን ነደደ?" ብለሽ ወረቀቱን አጣጥፈሽ ኪስሽ ልትከቺው እንደሆነ አውቃለሁ፣ እባክሽ እንዳታጣጥፊው፣ ቆመሽም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ኮምፒውተሩ ነው። እንደዛን ጊዜው አይደለም፣ እማዬን፣ የምሬን ነው።

ስልክማ አይሆንም ብዬ ነው። ቀን ቀን ስልካችሁን በር ላይ ሰብስበው እንደሚቆልፉባችሁ ነግረሽኛል፣ ማታ ደግሞ የኔን አታነሺም። አልተቀየምኩሽም፣ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አላነሳም። ክር የሚያመጣልን ሾፌር ዛሬ እናንተ ፋብሪካ ሊጭን ይሄዳል፣ "ለሻይ ሲወጡ በር ላይ ጠብቄ በእጇ እሰጣታለሁ" አለኝ፣ እሱ ባዶ ካርቶኖቹን እስኪጭን ነው የምጽፍልሽ። ሌላ ወረቀት አላገኘሁም፣ ይሄ ከጥልፍ ሥር የምናደርገው ነው፣ ቶሎ ይቀደዳል፣ ቀስ አድርገሽ ያዢው። መኪናው አፍንጫ ላይ ተደግፌ ነው የምጽፈው፣ ሞተሩ ክንዴን እያቃጠለኝ ነው። ሾፌሩ ደግሞ "ኑዛዜ ነው እንዴ?" ይለኛል። ወደዛው ነው አልኩት።

እሺ ልንገርሽ። አንቺ ለፋብሪካው ስልጠና ከሄድሽ በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱን ማጥፋት ጀመረ። ማሽኑ እየጠለፈ መሃል ላይ እያለን ድርግም። መልሼ ሳበራው ይሠራል፣ ትንሽ ይቆይና ደግሞ ድርግም። ከመጥፋቱ በፊት ውስጡ ያለው ማራገቢያ ይጮሃል፣ ሊነሳ እንደሚል አውሮፕላን፣ እጄን ጎኑ ላይ ሳደርግ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ይፋጃል። ያኔውኑ ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ ነበር። ከዛ ያ ቀን ትዝ አለኝና መልሼ አስቀመጥኩት።

ያን ቀን አትረሺውም መቼም። ስክሪኑ ጠቆረ፣ አለቀልን ብዬ እያለቀስኩ የደወልኩልሽ ቀን፣ አንቺም አሰልጣኝሽን ለምነሽ በአውቶቡስ ቆመሽ የመጣሽው። ጫማሽን ሳታወልቂ ገብተሽ አንዷን ቁልፍ ነካሻት፣ ስክሪኑ በራ። ተኝቶ ነበር ለካ። ጋሼ፣ ያ ባልሽ፣ ከሳቁ ብዛት ግድግዳ ያዘ። ሳይረን ያለኝ ያኔ ነው፣ ከዛ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ሳይረን ይለኛል፣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ እንኳን ሳትቀር። አንቺ ግን አልሳቅሽም። "አንቺ ልጅ፣ ከእንግዲህ እሳት ካልሆነ አትደውዪልኝ፣ አንዴ ደግሜ ከቀረሁ አትመለሺ ብሎኛል ሰውየው" አልሽኝና ሄድሽ። ብትስቂብኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ የሚያሳፍረኝን ልጻፈው፣ ሾፌሩ ሳያየኝ።

ሲፒዩው ለምን እንደጋለ አውቃለሁ። ልብስ አልብሼው ነበር። አዎ ልብስ፣ በኪሮሽ የሠራሁለት፣ ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ሹራብ የሚጠለቅ። "ምንም እንዳታለብሺው፣ ይተንፍስበት" ብለሽኝ ነበር የሄድሽው፣ ሰምቼሻለሁ፣ አልሰማሁም አልልሽም። ግን የክሩን ብናኝ ታውቂዋለሽ፣ ጠዋት ወልውለሽው ከሰዓት ሁሉም ነገር ጺም አብቅሎ ታገኚዋለሽ፣ እና ስትመለሺ ንጹሕ ሆኖ እንዲጠብቅሽ ፈለግኩ። "ይቺ ልጅ ያዘችልኝ" እንድትዪ። የሚተነፍሰው በፊት በኩል መስሎኝ ማብሪያው ጋ ቀዳዳ ትቼለታለሁ። በጀርባው መሆኑን በምን ልወቅ? ሲግል ደግሞ ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ብናኝ ሾልኮ ገብቶበት ነው ብዬ ልብሱን አጥብቄ አሰርኩት። የታመመ ሰው እንደሚጠቀለለው ጠቀለልኩት እትዬ።

እሱ ብቻ ቢሆን እኮ ደግ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራውን ፍላሽ ላይ ገልብጪ ብለሽ አንድ ጊዜ አሳይተሽኝ ነበር። እጅሽ ይፈጥናል፣ ይሄን ነካ ያንን ነካ አደረግሽና "ገባሽ?" አልሽኝ፣ "ገባኝ" አልኩሽ። አልገባኝም ነበር። ከስክሪኑ ፊት ላይ ያሉትን ትንንሽ ሥዕሎች ይዞ ፍላሹ ላይ መጣል መሰለኝ፣ "ፊደል" የሚለውን አንድ፣ "አርማ" የሚለውን አንድ። እሱኑ አደረግኩ። በአንድ ትንፋሽ አለቀ፣ እንዲህ መፍጠኔ ራሱ ደስ አለኝ። ጥጋቸው ላይ ትንሽ ጎባጣ ቀስት አለች፣ ታውቂያታለሽ፣ እኔ "ተልኳል" ማለት መስላኝ ነበር። ደግሞ ዝም ብዬ አልተውኩትም፣ ሄደልኝ አልሄደልኝም ብዬ ፍላሹ ውስጥ ገብቼ ነካሁት፣ ተከፈተልኝ! ፊደሎችሽ ሁሉ ተሰልፈው ወጡ። ጋሼን ጠርቼ አሳየሁት። "ጎበዝ ሳይረን!" አለኝ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ስባል እንዴት እንደምሆን ታውቂያለሽ፣ የዛን ቀን ቤቱን ሁለቴ ጠረግኩት።

ትናንት ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳም አለ። ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ አውጥቶ ግትር። ሶኬቱን አየሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ አጥፍቼ እስኪበርድ ጠበቅኩ፣ ተኝቶም እንደሆነ ብዬ ቁልፉን ሁሉ ነካካሁ። ወይ ፍንክች! ጋሼ ተሸክሞ ሊወስደው ሲመጣ ልብሱን ገፍፌ ፍራሼ ሥር ደበቅኩት። አሁንም እዛው ነው።

ዶክተሩ ጋ ወሰድነው፣ ያ መታጠፊያው ላይ ኮምፒውተር የሚሠራው፣ ጆሮውን ሲፒዩው ላይ ለጥፎ ስለሚያዳምጥ ዶክተሩ የሚሉት። አዳመጠው፣ ከፈተው፣ ነካካው።

"ሲስተሙ ተበላሽቷል" አለ። "ይግል ነበር? ምናልባት ሸፍናችሁት ነበር?"

እኔን አየኝ። ጋሼም ዞሮ አየኝ።

"ኧረ በፍጹም!" አልኩ።

"ታዲያ ዝም ብሎ ይበላሻል?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"እንግዲህ ቫይረስ ይሆናል። ሙልጭ አድርጌ እጠርገውና አዲስ እጭንበታለሁ። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ፋይላችሁ ሌላ ቦታ አለ?"

እዚህ ጋ ነው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የምለው። ፍላሹን ከአንገቴ አውጥቼ ከፍ አድርጌ አሳየሁት፣ "አለ! ቅዳሜ ቅዳሜ እገለብጣለሁ!" ዶክተሩ ጋሼን አየውና "እቺን ልጅ ያዟት፣ ሰው እዚህ መጥቶ የሚያለቅሰው ይሄን ስለማያደርግ ነው" አለው። ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ተኩራራሁ እትዬ። በዋሸሁበት አፌ ተኩራራሁ።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ላከኝ፣ ዩኒፎርሙ ላይ የምንጠልፈውን የትምህርት ቤቱን አርማ አሳትሜ ለዳይሬክተሯ እንዳሳያት። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ፍላሹን ሰጠኋት፣ ሴትዮዋ ሰካችው።

"እምቢ አለኝ፣ አይከፈትም።"

"ደግመሽ ንኪው፣ እቤት ይከፈታል።"

"እቤትማ ይከፈታል! ዕቃው እዛ ነዋ።"

"ማለት?"

"የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ፋይሉ አይደለም እኮ። ወደ ፋይሉ የሚመራ ምልክት ነው። ይቺ ቀስት ትታይሻለች? 'ያለው እዛ ነው፣ ወደዛ ሂዱ' ነው የምትለው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ስም ነቅለሽ ይዘሽ መጣሽ እንጂ ሰውየውን አላመጣሽውም።"

"ይሄኛውስ? ፊደል የሚለው?"

"እሱም ያው ነው። ፍላሽሽ ባዶ ነው በይው።"

ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ "እህት፣ ካልጨረሽ ዞር በይልን" አለኝ። ዞር አልኩ። ከዛ ሮጥኩ። ፍላሹን እዛው እንደተሰካ ትቼው ሮጥኩ፣ ጫማዬ ተበጥሶ በእጄ ይዤው፣ አንድ እግሬ ባዶውን፣ መኪና ሲያንባርቅብኝ አልሰማሁትም።

"ጠረግከው?" አልኩት ዶክተሩን።

"ምኑን?"

"ኮምፒውተራችንን! ጠረግከው?"

"አልደረስኩበትም። ምነው፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?"

እዛው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ውኃ ሰጠኝ። የፍላሹን ነገር ነገርኩት፣ ስለ ቀስቷ። "እስቲ አምጪው ልየው" ሲለኝ አንገቴን ዳበስኩ፣ ፍላሹ የለም። ያን ጊዜ ጋሼ እንደሚያየኝ አየኝ። ተመልሼ ብሄድ ሴትዮዋ ዘግታ ወጥታለች። አየሽ የኔን ነገር? እውነት ስናገር እንኳን ማስረጃው አይገኝልኝም።

ስመለስ ግን አንድ ነገር ወሰንኩ። ሁሉንም ካልነገርኩት አያምነኝም አልኩና "ተሸፍኖ ነበር" አልኩት።

"በምን?"

"በልብስ።"

"ምን ዓይነት ልብስ?"

"በኪሮሽ። ሹራብ ነገር።"

"ኮፍያስ ነበረው?" አለኝና ሳቀ። ከዛ ሳቁን አቆመ፣ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ይሄን ትናንት ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ቫይረስ ነው ብዬ ነው። በሙቀት እየጠፋ እየበራ ሲስተሙ ተበላሽቶ ከሆነ ሥራችሁ ያለበት ዲስክ ደህና ሊሆን ይችላል። አውጥቼ ከኔ ኮምፒውተር ጋር ላገናኘው፣ መጀመሪያ ልገለብጥላችሁ፣ ከዛ ብጠርገው ይሻላል። ይወጣል ብዬ አልምልልሽም። ከጠረግኩት በኋላ ግን አትጠይቂኝ።"

"አውጣው በቃ! አሁኑኑ አውጣው!"

"ጊዜ ይወስዳል። ጋሼሽ ነገ ጠዋት ካላደረስክልኝ ብሎኛል። በእጄ ያስረከበኝ እሱ ነው፣ እሱ ይንገረኝ።"

ከሱ ስልክ ደወልንለት፣ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ጋሼ፣ ፍላሹ ባዶ ነው!"

"ሳይረን፣ ጀመረሽ ደግሞ?"

"ባዶ ነው እኮ! ያ ያየኸው ምልክቱ ነው፣ በሩ ላይ ያለው ስም..."

"የምን በር? ፊደሎቹን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ አንቺው ነሽ ያሳየሽኝ። የታለ ፍላሹ? ስጪውና ይየው።"

"ፍላሹማ..."

"ጣልሽው አይደል?"

"አልጣልኩትም፣ ረሳሁት።"

"ስማ ዶክተር፣ እሷን ከሰማህ ሥራ አትሠራም። ዩኒፎርሙ ካልደረሰ ትምህርት ቤቱ ለሌላ ሰው ይሰጥብናል። ጥረገውና ጫንበት።" ዘጋው። ደግመን ብንደውል አያነሳም።

በጋሼም አልፈርድም፣ ሥራው እንዳይወሰድብን ነው የሚሮጠው፣ ያየውንም አይቷል። ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ዶክተሩ ጭንቅላቱን አከከ። "አንዴ የሚስትን ቃል ሰምቼ ባልየው ሱቄን ሊገለብጥብኝ ነበር፣ ከዛ ወዲህ በቤተሰብ መሃል አልገባም" አለኝ። "ኮምፒውተሩ የማን ነው?" የእህቴ ነው አልኩት። "እንግዲያው እሷ በአፏ ትንገረኝ። እስኪመሽ አልነካውም። ከመሸ ግን ለጠዋት አይደርስልኝም፣ ሰውየው ያለኝን አደርጋለሁ።" የመብራት ገመዱን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። "ውሰጂው" አለኝ፣ ቀና ብዬ ባይ ግድግዳው ሙሉ ገመድ ተንጠልጥሏል።

አርማውንማ እንደገና ትሠሪዋለሽ፣ የትምህርት ቤቱ ሥዕል ዳይሬክተሯ ጋ አለ። ፊደሎቹን ነው የምፈራው። የጥልፍ ማሽኑ ሲገዛ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ይዞ ሲመጣ፣ ሰው የልጁን ስም በኛ ፊደል ጥለፉልኝ እያለ ሲመለስ፣ አንቺ ከሥራ በኋላ እየተቀመጥሽ አንድ በአንድ መርፌው የሚሄድበትን መንገድ በማውስ ሣልሽላቸው። ዓይንሽ እስኪቀላ። ጨ ላይ ክሩ እየተበጠሰ ማሽኑን ስትሰድቢው፣ ጋሼ "ጎረቤት ይሰማል" እያለ መስኮት ሲዘጋ። ጋሼ ሥራ ይላቸዋል፣ አዎ ሥራ ናቸው፣ ግን አንቺ የመጨረሻዋን ጨርሰሽ ጨርቁን ከፍሬሙ ስታወጪው እንዴት እንዳየሽው ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ደግሞ ነግሬሽ የማላውቀው ነገር አለ። ትምህርቴን ትቼ ስመጣ ማንበብ የምችል መስሎሽ ነበር፣ እኔም ዝም አልኩ። የደንበኛ ስም ስታነቢልኝ እየሸመደድኩ ነበር። በደንብ ማንበብ የለመድኩት የአንቺን ፊደሎች ክር ስቆርጥ ነው፣ በፊደልና በፊደል መሃል የሚቀረውን ክር በትንሿ መቀስ ስቆርጥ፣ ቆርጬም በጣቴ ስዳብሳቸው። ጰን ያወቅኳት በቀይ ክር ነው። ኘን በአረንጓዴ፣ አናቷ ላይ ያለችው መስመር ጣቴን ትኮረኩረኛለች። ይሄን የምታነቢውን የእጅ ጽሑፌን ተመልከቺው፣ እግራቸውን እንደ አንቺ ነው የማዞረው። መምህር ቢጠይቀኝ ከማን ተማርሽ ብሎ፣ ከማሽን ነው የምለው። እና እነሱን ነው ሹራብ አልብሼ ያቃጠልኳቸው።

ምን እንደምትዪኝ አላውቅም። ከቤት ውጪ ካልሽኝም እወጣለሁ፣ ግን ፊደሎቹ ከወጡ በኋላ።

ሾፌሩ መሪው ላይ ተቀምጧል፣ "በይ እንጂ!" ይላል፣ ጥሩምባውን ጆሮዬ ላይ ነፋው። አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ፣ አጭር ነው። ወረቀቱን እንደያዝሽ ዘበኛውን ለምኚው፣ ስልክሽን ያውጣልሽ፣ የሾፌሩንም ስልክ ቢሆን ተዋሺ። መምጣት የለብሽም፣ እንዳትመጪ፣ ሰውየው ያባርርሻል። ለኔ ደውዪ። እኔ ከዚህ ተነስቼ ዶክተሩ ደጃፍ ላይ ነው የምቀመጠው፣ እንደጠራ ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ፣ አንቺ "አትጥረገው፣ ዲስኩን አውጣና መጀመሪያ ገልብጥ" በዪው፣ በቃ። ስድቡን ለኔ ለሌላ ጊዜ አቆዪልኝ፣ አልሸሽም፣ ሙሉውን እሰማሻለሁ። ልብሱንም ስትመጪ ከፍራሹ ሥር አውጥቼ እሰጥሻለሁ፣ ራስሽ በመቀስ ቁረጪው።

እሳት ካልሆነ አትደውዪልኝ አልሽኝ እኮ። እኔም አልደወልኩም እትዬ፣ ይኸው ጻፍኩልሽ። እሳት ነው። አንቺ ደውዪልኝ። ጀምበሯ ከዶክተሩ ጣሪያ በላይ እያለች፣ እሱ የሱቁን መብራት ሳያበራ፣ እባክሽ፣ ሳይመሽ ደውዪልኝ።

ያንቺው ሳይረን